አየሩ ሞተ የተባለባቸው ሌሊቶች

የተከራያችን ሥራ የሌሊት አየር ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ለእኔ ከባድ ነው። እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፤ ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ በዚያ ላይ ሰው ፊት ቃል መደርደር ያስፈራኛል። አባቴን ግን አያስፈራውም። ጎረቤት "ያቺ ልጅ ምንድን ነው የምትሠራው?" ብሎ ሲጠይቀው "ንፋስ ትቀልባለች" ይላል። ደስ ያለው ቀን ደግሞ "አየሩን ታስተኛውና ሲያንኮራፋ ትጽፋለች" ይላል።

ቤታችን ያለው መሬቱ እንደ ሳህን የጎደጎደበት ቦታ ላይ ነው። ብርድ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ከላይ ባለው መንገድ ላይ ምንም ሳይኖር የእኛ ጓሮ ሣር ውርጭ ለብሶ ያድራል። ተከራይ ሁሉ የሚሸሸን በዚህ ነው። እሷ ግን ክፍሉን እንኳ ሳታይ ጓሮውን ዞረችና "እዚህ ማታ በጣም ይበርዳል፣ አይደል?" አለች። አባቴ ተከራይ ሊያመልጠው መስሎት "ኧረ ምንም አይልም! ሞቅ ያለ ነው እንዲያውም" አላት። ፊቷ ቅጭም አለ። ያን ጊዜ እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ "ያንዘፈዝፋል" አልኩ። ለእሷ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር። ፊቷ በራ፤ ዕቃዋን በማግስቱ አመጣች።

ጓሮው መካከል ረጅም የብረት ምሰሶ አቆመች። የምሰሶውን እግር የበየድኩላት እኔ ነኝ። ምሰሶው ላይ ሦስት መሣሪያዎች አሰረች፤ አንዱ በሰው ቁመት ልክ፣ አንዱ ከጣሪያችን ከፍ ብሎ፣ አንዱ ጫፉ ላይ። እያንዳንዱ ኳስ ሊይዝ እንደተዘረጋ እጅ ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ጣቶች አሉት። ጣቶቹ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ይላላካሉ። ድምፁ ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ መሣሪያው አየሩ ወዴት እንደተንቀሳቀሰና ምን ያህል እንደሞቀ ያውቃል፤ የዝንብ ክንፍ የምታህል እንቅስቃሴ እንኳ አታመልጠውም።

"አትደገፉበት፤ አጠገቡ እሳት አታንድዱ፤ የታጠበ ልብስ አታስጡበት" አለችን።

"እሺ ልጄ" አለ አባቴ። ቃሉን አላጠፈም። አልተደገፈበትም፣ እሳት አላነደደበትም፣ የታጠበ ልብስም አላሰጣበትም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ የእንጨት መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነበር። ገና ምሰሶው እንደቆመ ወደደው። ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር ብቅ ብሎ "እንዴት አደርክ፣ ባልደረባዬ?" ይለዋል። እሷ በመስኮት ሰምታው "ደህና አድሬያለሁ!" ብላ በወፍራም ድምፅ ትመልስለታለች። አባቴ እንዲህ ሲስቅ እናቴ ካረፈች በኋላ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። እኔ የተነፈሰ የጎማ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን እፈልግ ነበር። የሰፈሩ ልጆች "ፔዳል" ነው የሚሉኝ፤ እሷም ከእነሱ ለምዳዋለች።

"ፔዳል፣ የእኔን ሥራ ልንገርህ? ለሰው ስነግር ይገባኛል" አለች።

አንገቴን ነቀነቅኩ።

"ቀን ቀን ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፤ አየሩ እንደሚፈላ ድስት ይተራመሳል። ማታ ደግሞ መሬቱ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፤ ሞቅ ያለው ከላይ ይንሳፈፋል። ንፋስ ካለ ያማስላቸዋል። ንፋስ ከሌለስ?"

"እንደተኛ ያድራል።"

"ኮምፒውተሬም እንዳንተው ነው የሚለው። ግን ጣጣው ምን መሰለህ? ማማሰሉ ሲቆም ሙቀት ከላይ አይወርድም። መሬቱ ይብስ ይቀዘቅዛል፤ አየሩም ይብስ ይከብድና ይተኛል። እንዲህ እየተባባሰ ይሄድና ሊነጋ ሲል ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለው ጓሯችሁ ወፍ የማይኖርበት በረዶ ይሆናል።"

"ጓሯችን እንደዚያ አይሆንም" አልኩ። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

"አይሆንማ!" ሳቀች። ሻይዋን በቀስታ አማሰለች። "ስለዚህ አንድ ነገር ጨመርኩበት። የቱንም ያህል ጸጥ ያለ ሌሊት ቢሆን አየሩ ጨርሶ አይሞትም ብዬ ገመትኩ። በጣም ትንሽ ነገር እየመጣች እየሄደች ታማስለዋለች። ሒሳቤ ውስጥ ትንሿ ማንኪያ ነው የምላት። ሌሎችም እንዲህ ያለ ነገር ያስገባሉ፤ ግን ኮምፒውተሩ እንዳይበላሽባቸው ብለው እንጂ አያምኑባትም። ፕሮፌሰሬ 'ምርኩዝ ናት' ነው የሚሉኝ። እኔ ግን አምንባታለሁ።"

"ምሰሶውስ?"

"እሱ ነው የሚፈርደው። አለች ካለ ሥራዬ ይቆማል። የለችም ካለ የደከምኩበትን ሁሉ ንፋስ በላው ማለት ነው፤ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።"

ከመነዳሪው ከእጄ አምልጦ ውኃው ውስጥ ገባ። ቀዳዳውን እንደገና ፈለግሁ።

ብርዱ መጣ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ላፕቶፗን ከፍታ መስመሮቹን ስታይ ታፏጫለች። ኋላ ግን ፉጨቱ ቀረ። ማታ ከእኛ ጋር ሾርባ ለመጠጣት ስትቀመጥ ዓይኗ ሳህኑ ላይ ይቀራል።

"ምን ሆነሻል፣ ልጄ?" አላት አባቴ አንድ ማታ።

"ታችኛው መሣሪያ ዝም ይላል፣ አባባ። ላይኞቹ ይናገራሉ፤ እሱ ግን ምንም። የሚገርመው ደግሞ ብርዱ የጠናበት ቀን ነው የሚብሰው።"

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ብርዱ ሲጠና ነው ዝም የሚለው?"

"አዎ።"

"ሲላላስ?"

"ሲላላ ይናገራል።"

"አይ፣ የኔ ምስኪን" አለ አባቴ ራሱን እየነቀነቀ። ሁለታችንም እሷን ያለ መሰለን።

ከዚያ በኋላ የታችኛው መሣሪያ ዝምታ ጨርሶ ባሰ። ፕሮፌሰሩ ደወሉ። እሷ እጇ ላይ ሳሙና ስለነበረ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ሁላችንም ሰማን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸው የደከመ ነበር።

"ልጄ፣ የለካነውን መካድ አንችልም" አሏት። "ከላይ ይንቀሳቀሳል፤ ከታች ይሞታል። ጽሑፎቹም እኮ ይህን ነው የሚሉት፤ የታችኛው አየር ከላይኛው ይቆረጣል። ማንኪያሽን አውጪና ሥራውን በሳምንቱ መጨረሻ ላኪልኝ።"

"እሺ፣ ፕሮፌሰር" አለች።

አባቴ ሊያጽናናት ፈልጎ ይመስለኛል፣ "ሰውየው እውነቱን ነው" አላት። "የሞተ አየር እኔ አውቃለሁ። ስንት ዘመን ቆሜበታለሁ። እንዲያ ባለ ሌሊት ቅጠል የለም፣ ሽታ የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። አንቺና ብርዱ ብቻ። ምንም አይመጣም።"

እሷ ሳህኖቹን ማጠብ ቀጠለች። ጀርባዋ አንጀቴን በላው።

በዚያው ሰሞን አባቴ ማሳል ጀመረ። አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው። የድሮ የጥበቃ ካፖርቱን ለብሶ መተኛቱን አየሁ።

"ብርድ ልብስህስ?"

"ይከብደኛል።"

"ሌላኛውስ?"

"እሱም ይከብደኛል። አንተ ደግሞ ሲሻህ ዲዳ፣ ሲሻህ መርማሪ!"

ከሥራ ቦታዬም ለማሰሪያ የምቆርጣቸው የከመነዳሪ ቁራጮች እየጠፉ ነበር። ልጆቹ ለወንጭፍ ወሰዱት ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ሥራዋን ልትልክ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ልክ ሊመሽ ሲል፣ የታጠፈ የብስክሌት ቸርኬ ላመጣ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አባቴ ምሰሶው ሥር ቆሟል። አንዱን ብርድ ልብስ በታችኛው መሣሪያ ላይ እንደ ድንኳን ጥሎታል፤ ሁለተኛውን ከላይ ደርቦ ዳሩን በከመነዳሪ ቁራጭ ያስራል። እንደ ሕፃን ነበር የሚያለብሰው፤ ጣቶቹን እንዳይነካበት እየተጠነቀቀ።

"አባዬ!"

ዶሮ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጠ። "ቀስ በል! ትሰማለች።"

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ታያለህ አይደል? እያለበስኩት ነው።"

"ብረት እኮ ነው።"

"ብረት መሆኑን መቼ አጣሁት?" ቋጠሮውን አጠበቀ። "ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ስቆም ከዚያ ሁሉ ባለመኪና፣ ከዚያ ሁሉ አላፊ አግዳሚ አንድ ሰው 'እንካ፣ ይህን ደርብ' ብሎኝ አያውቅም። እሱም ዘበኛ ነው። ላይኞቹን ቁመቴ አልደረሰም እንጂ እነሱንም አለብሳቸው ነበር። ደግሞ ራሷ አልነገረችንም? ብርድ ሲጠና ነው ዝም የሚለው። በርዶት ነዋ! አንድ ሳለብሰው አልተሻለውም፤ ለዚህ ነው ሁለት ያደረግኩት።"

ቸርኬው ላይ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ያ መሣሪያ የሚለካው አየር ነው" አልኩት። "አየሩ ጣቶቹ መካከል ካላለፈ የሚናገረው የለውም። ዝም የሚለው ስለምታለብሰው ነው።"

"መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ እኔ አለበስኩት" አለ።

"መቼ ነው ማልበስ የጀመርከው?"

አሰበ። "ብርዱ ገና ሲመጣ" አለ፤ መሣሪያው ዝም ያለው ከዚያ በኋላ መሆኑ አሁን ለሁለታችንም ገባን። እጁ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ሲጨልም ፊቱ አይታየኝም ነበር፤ ድምፁ ግን በአንድ ጊዜ አረጀ።

"እና አየሩን የገደልኩት እኔ ነኝ?"

"ደግ አስበህ ነው።"

"ቅንድብ ላበጅ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት እኔ ነኝ!" ብርድ ልብሶቹን ፈታቸው፤ አቅፏቸው ቆመ። "ነገ ነው የምትልከው፣ አይደል?"

"ነገ ነው።"

"አንተ ንገራት።"

"እኔ?"

"እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም። አባባ ነው የምትለኝ እኮ።"

ወደ በሯ ሄድኩ። አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ፤ ከኋላዋ ላፕቶፑ በርቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያው ወዴት እንደሆነ ጠፋኝ።

"ምነው፣ ፔዳል?"

"ማንኪያዋን አታውጪያት" አልኩ። ያ ብቻ ነው የወጣልኝ።

"የኔ ወንድም፣ ብወድማ እኔም—"

"አየሩ አልሞተም። ታፍኖ ነው። አባዬ..." እዚያ ላይ ቆምኩ። አባቴን በእሷ ፊት ጥፋተኛ ማድረግ አልሆንልህ አለኝ።

ያኔ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። አባቴ ሁለቱን ብርድ ልብሶች እንዳቀፈ መጥቷል።

"እኔ ነኝ ያፈንኩት፣ ልጄ" አላት። "በርዶት መስሎኝ። ሲመሽ አለብሰዋለሁ፤ ሳትነቂ አነሳለታለሁ። ብርዱ የጠናበትን ቀን ሁሉ።"

ብርድ ልብሶቹን አየች። አባቴን አየች። ከዚያ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ "ሞቋል!" ብላ ጮኸች። "ይሞቃል ብዬ ነበር እኮ! ታችኛው በእነዚያ ሌሊቶች ከሚገባው በላይ ይሞቃል፤ አስልቼ አስልቼ አቃተኝ፤ ፕሮፌሰሩ 'መሣሪያው አርጅቷል' አሉኝ። ለካስ... ለካስ ብርድ ልብስ ለብሷል!" የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። ሁለቱንም ይመስለኛል።

አባቴ እንደቆመ ነው። "ተቆጪኝ" አላት።

"እንዴት አድርጌ ልቆጣዎት? አትሸፍኑት ብዬ አልነገርኩም እኮ። ማን ይሸፍነዋል ብዬ?" ቀና ብላ አየችው። "እርስዎስ ምን ለብሰው አደሩ?"

የአባቴ ሳል መለሰላት።

እዚያው ድምፁን ከፍ አድርጋ ለፕሮፌሰሩ ደወለች። "እነዚያ ሌሊቶች መጣል አለባቸው" አለቻቸው። "ለምን?" ሲሏት ቃል አጠራት፤ አባቴን ማሳፈር አልፈለገችም። አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ ወደ ስልኩ "አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለበሰው በዪው!" አለ።

በዚያ በኩል ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"በስንት ድርብ?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"መጀመሪያ በአንድ። ኋላ በሁለት" አለ አባቴ።

ሳቃቸውን ለማፈን ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተመለሰ። "ልጄ፣ እንግዲህ ጸጥ ያለ ሌሊት የሚባል ምንም የለሽም ማለት ነው። ማንኪያዋ መኖሯንም አለመኖሯንም አናውቅም። ብርዱ ሳያልፍ አንድ ንጹሕ ሌሊት አምጪልኝ። ካላመጣሽ ሥራው ያለ ማንኪያ ይሄዳል።"

ከዚያ ንፋሱ መጣ። ቀን ነፈሰ፣ ማታ ነፈሰ፤ የሥራ ቦታዬን ቆርቆሮ አንስቶ ጎረቤት ጣለው። ንፋስ ያለበት ሌሊት ለእሷ ዋጋ የለውም፤ ንፋስ ሲኖር አየሩ እንደሚማሰል ማንም አይክድም። አባቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ንፋሱን ይሰድበው ጀመር።

"አንተ ሥራ ፈት! ስትፈለግ የለህም፣ ሳትፈለግ ትንጠራወዛለህ!"

"ይተዉት፣ አባባ። እሱም ሥራው ነው" ትለዋለች። ዕቃዋን ግን በካርቶን ማሰር ጀምራ ነበር። ማታ ካርቶኖቹን በመስኮት አያቸዋለሁ። ማሰሪያ ስትጠይቀኝ "አልቋል" አልኳት። አላለቀም ነበር።

ብርዱ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው አንድ ምሽት ሁሉ ነገር ቆመ። የጎረቤት ጭስ ከጭስ ማውጫው ትንሽ ወጣና እንደ ጠፍጣፋ ጨርቅ ጣሪያው ላይ ተዘረጋ። ሣሩ ገና ሳይጨልም ማብረቅረቅ ጀመረ። እሷ ጓሮ ወጥታ ጣቶቹን አየች፣ ገመዶቹን ነካች፣ ምንም ሳትናገር ተመለሰች።

አባቴ በጓሮ በር ላይ ቆሞ ነበር። "በጣም ነው የሚበርደው" አለኝ በሹክሹክታ።

"አባዬ።"

"አውቃለሁ። አውቃለሁ አልኩህ። በሩን ቆልፈውና ቁልፉን አንተ ያዘው።"

ቆለፍኩት። ብርድ ልብሶቹን ሁለቱንም አባቴ ላይ ደራርቤ አለበስኩት፤ አልተቃወመም።

ጠዋት ስነቃ አልጋው ባዶ ነበር። እሷ ክፍል አገኘሁት፤ በሩ ክፍት ነው፤ ሁለቱም ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል። እሷ የለበሰችው ገና የሌሊት ልብስ ላይ የተደረበ ሹራብ ነው።

"ና፣ ፔዳል። እይ።"

የላፕቶፑ ሰሌዳ ላይ መስመር አለ። ከምሽት ጀምሮ እንደተዘረጋ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ረጅም መንገድ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ እንደገና ቀጥ ይላል። ቆይቶ ሌላ ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ እያለ እስከ ንጋት።

"አለች" አለች በቀስታ። "ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ግን እንደገመትኳት አይደለችም። እኔ ያስገባሁት የሾርባ ማንኪያ ነበር፤ ይቺ የሻይም አትሆን። የመድኃኒት ናት።"

ሒሳቧን ከፈተችና ቁጥሯን አሳነሰችው። ኮምፒውተሩ ያቺን ሌሊት እንደገና ሲያሰላ ጠበቅን። በማለዳ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ጓሯችን በረዶ አልሆነም፤ ብርድ ብቻ ነበር፣ እውነተኛው የእኛ ጓሮ ብርድ። ላከችው። ፕሮፌሰሩ ገና ሻይ ሳንቀዳ ደወሉ።

"ትንሽ ናት" አሉ።

"ትንሽ ናት፣ ፕሮፌሰር።"

"ትቆይ። ግን በአንድ ሌሊት ምስክር አይቆምም። ምሰሶውን አትንቀዪው፤ የሚመጣውንም ብርድ እዚያው ለኪ።" ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ "ሽማግሌውን ሰላም በዪልኝ" አሉ።

ስልኩን ዘጋች። ካርቶኖቹን አየች፣ እኔን አየች። መሬት መሬት አየሁ፤ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል።

አባቴ ግን ሰላምታውንም የሰማ አይመስልም። መነጽሩን አድርጎ ወደ ሰሌዳው ተጠግቷል።

"ይሄ ቀጥ ያለው ጸጥታው ነው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ይቺስ?" ጣቱን ሳያስነካ የተንቀጠቀጠውን ቦታ አሳያት።

"እሷ አየሩ ሲነቃነቅ ነው። ከላይ ትንሽ ሙቀት ይዞ ወርዶ ነካ አድርጎ ሄደ።"

"ሰው ይሰማዋል?"

"አይሰማውም። ፊት ላይ እንኳ አይታወቅም።"

አባቴ ወደ መስመሩ ይበልጥ ጎንበስ አለ። "ትናንት ሌሊት ጸጥ ያለ ነበር፤ ነቅቼ ሳዳምጥ ነው ያደርኩት። ምንም የለም ብዬ ነበር" አለ። "በዚያ ሁሉ ዘመንም ምንም የለም እያልኩ ነው የቆምኩት። እኔንም እንዲህ ነካ እያደረገኝ ይሄድ ነበር ማለት ነው?"

"ይሄድ ነበር፣ አባባ። ሌሊቱን ሁሉ።"

ከውጭ አንድ ደንበኛ "ፔዳል! ጎማዬስ?" እያለ ይጣራል። ሊሄድ የተነሳውን እግሬን አባቴ በእጁ ምልክት አቆመው።

"ይጠብቅ" አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ወንበሩን አስጠጋ። "እስቲ፣ ልጄ፣ ከምሽቱ ጀምሪልኝ። ቀስ እያልሽ።"

እሷም መስመሩን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።